ከሙንድራ ወደ ጅቡቲ በሐምሌ፦ የሞገድ ትንበያውን እንዴት ላንብበው?

ሦስተኛ መኮንን፦
ሰላም ለሁላችሁ። በሐምሌ መጀመሪያ ከሙንድራ፣ ሕንድ፣ ጭነን ወደ ጅቡቲ እንነሳለን። መርከቡ 130 ሜትር ነው፤ ቅልቅል ጭነት፣ ዴክ ላይ ኮንቴይነር አለ። ትንበያው «ደቡብ ምዕራብ 30-35 ኖት፣ ሞገድ 4.5 ሜትር፣ ፔሬዱ 9 ሰከንድ» ይላል (ኖት በሰዓት አንድ የባሕር ማይል ነው፤ ፔሬድ በተከታታይ ሁለት ሞገዶች መካከል ያለው ጊዜ)። 4.5 ሜትር ጣሪያው ነው ወይስ ከዚያም ይበልጣል? ሳይክሎንስ ያሰጋል?

የብሪጅ ሰው፦
ጣሪያው አይደለም። ሞገዶቹን በከፍታ ደርድረህ ትልልቆቹን ሲሶ ብትለይ፣ የእነሱ አማካይ ነው 4.5 የተባለው። በአንድ ዋች (የጥበቃ ፈረቃ) ውስጥ 8 ሜትር የሚጠጋ አንድ ሁለት ቢመጣ ትንበያው ተሳሳተ አይባልም። ዝግጅትህ ለእሱ ይሁን።

ከኩች ባሕረ ሰላጤ ስትወጣ አቅጣጫህ ወደ ምዕራብ ደቡብ ምዕራብ ስለሆነ ነፋሱና ሞገዱ ከግራ አፍንጫ በኩል፣ ፊት ለፊት ማለት ይቻላል፣ ይገጥሙሃል። ሞንሱኑ፣ ማለትም በዚህ ወቅት የሚነፍሰው የደቡብ ምዕራብ ነፋስ፣ እጅግ የሚበረታው በሶማሊያ ጠረፍና በሶኮትራ ዙሪያ ነው። የሶማሊያን ጫፍ ጓርዳፉይን አልፈህ ከ50 ዲግሪ ምሥራቅ ወደ ምዕራብ ስትገባ የአፍሪካ ቀንድ ይከልልሃል፤ የኤደን ባሕረ ሰላጤ በንጽጽር ይረጋጋል። ስለዚህ የመድረሻ ሰዓትህን በሙሉ ፍጥነት አታስላ። 13 ኖት የሚሄድ መርከብ እዚያ መሐል 7 ላይ ሊወርድ ይችላል፤ ነዳጁንም በዚያው ልክ ያዝ።

ሌላው ብዙ ሰው የሚረሳው፦ መንገድህ ሁለት የትንበያ ቀጠናዎችን ይነካል። ሜትኤሪያ 8 ሰሜን የተባለውን ቀጠና ሕንድ፣ ሜትኤሪያ 9ን ፓኪስታን ያወጣሉ። ትንበያውን በሳተላይት በሚቀበለው ኢንማርሳት-ሲ ተርሚናል ላይ አንዱን ብቻ መርጠህ ከሆነ ግማሹ መንገድ ጨለማ ነው። የትንበያው ሰዓት ዩቲሲ (ዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት) መሆኑንም አትርሳ፤ ከጅቡቲ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ነው።

ቺፍ፦
ከላይ ባለው እስማማለሁ፤ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከፍታው ሳይሆን ያቺ 9 ሰከንድ ናት። በጥልቅ ውሃ የሞገዱ ርዝመት የፔሬዱ ካሬ በ1.56 ተባዝቶ ነው፦ 126 ሜትር ገደማ፤ የአንተ መርከብ ደግሞ 130። ሁለቱ ሲቀራረቡ፣ በተለይ አፍንጫውና ኋላው ወደ ላይ እየሰፋ በሚሄድ መርከብ፣ የመርከቡ ሚዛን ሞገዱ ባለፈ ቁጥር ይጠነክራል ይላላል። መርከቡ ከሞገድ ጋር የሚገናኝበት ጊዜ የራሱ የሮሊንግ ፔሬድ (ወደ ጎንና ጎን አንዴ ተንገዋልሎ የሚመለስበት ጊዜ) ግማሽ ከሆነ፣ ፊት ለፊት እየሄደም ቢሆን በጥቂት ሞገድ ውስጥ 30 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሊንገዋለል ይችላል። ኮንቴይነር ባሕር የሚገባው እንዲህ ነው።

ሒሳቡ፦ በ12 ኖት ሞገዱን በየ6.2 ሰከንድ ትገናኛለህ፣ በ7 ኖት በየ7.2። ስለዚህ «ከበደ፣ ፍጥነት ቀንስ» የሚለው ልማድ፣ የሮሊንግ ፔሬድህ 14 ሰከንድ አካባቢ ከሆነ፣ ወደ ችግሩ ያስገባሃል። የጭነት ስሌቱ ምን ይላል?

ሦስተኛ መኮንን፦
14.5 ሰከንድ።

ቺፍ፦
ያው ነው፤ ግማሹ 7.25። ይህ ወደብ ላይ የሚፈታ ጉዳይ ነው። በሚፈቀደው የስታቢሊቲ (የመርከብ ሚዛን) ገደብ ውስጥ ሆናችሁ በጭነት አደራደርና በባላስት (ለሚዛን በሚጫን ውሃ) ፔሬዱን ማራዘም ይቻል እንደሆነ ለመርከባችሁ ቺፍ ኦፊሰር (አንደኛ መኮንን) አንሳለት። ባሕር ላይ ባላስት መነካካት ታንኩን በግማሽ ብቻ የተሞላ ያደርገዋል፤ በውስጡ የሚዋልለው ውሃ ሚዛኑን ይበልጥ ይጎዳል። መሐል ባሕር ላይ ነፋሱ ሳይለወጥ ሮሊንጉ በድንገት ካደገ፣ ፍጥነት ብቻ በመቀነስ አትጠብቅ፤ ካፒቴኑን ጥራ፣ አቅጣጫም ይቀየር።

ከመውጣታችሁ በፊት የመልሕቅ ሰንሰለት መግቢያው ይደፈን፤ ካልተደፈነ ሰንሰለት ማስቀመጫው ውሃ ይሞላል። ላሺንጉ (የጭነቱ ማሰሪያ) በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት እንደገና ይጥበቅ፤ ጭነቱ ሲቀመጥ ይላላልና። ለሞተር ክፍልም ንገራቸው፦ መርከቡ ሲናጥ የነዳጅ ታንክ ዝቃጭ ተነስቶ ፊልተር ይዘጋል፤ ሞተር የሚቆመውም ልክ ሞተር በሚያስፈልግበት ሰዓት ነው። ተጠባባቂው ፊልተር ንጹሕ ይሁን።

ባሮሜትር፦
ስለ ሳይክሎኑ የጠየቅከውን ማንም አልመለሰልህም። በዐረቢያ ባሕር ሳይክሎን የሚበዛው ሞንሱኑ ከመግባቱ በፊት፣ በግንቦትና በሰኔ፣ ከወጣ በኋላ ደግሞ በጥቅምትና በኅዳር ነው። እ.ኤ.አ. በጁን 2007 ጎኑ የተባለው ሳይክሎን ኦማንን መታ፤ በሜይ 2018 ሳጋር የተባለው የኤደንን ባሕረ ሰላጤ ዘልቆ ሶማሌላንድ ላይ ወጣ፣ ጅቡቲንም በጎርፍ አጥለቀለቀ። በሐምሌ ግን የላይኛውና የታችኛው አየር ነፋስ ስለሚለያይ አውሎው ቀጥ ብሎ መቆም አይችልም። የአንተ ስጋት ሞንሱኑ ራሱ ነው።

ቢሆንም ባሮሜትር (የአየር ግፊት መለኪያ) ማንበብን አትተው። በዚህ አካባቢ ግፊቱ በየቀኑ ጠዋት 4 ሰዓትና ማታ 4 ሰዓት ገደማ ከፍ፣ ከቀትር በኋላ 10 ሰዓትና ሌሊት 10 ሰዓት ገደማ ዝቅ ይላል። ያንን የየቀኑን መዋዠቅ ቀንሰህ፣ ከወቅቱ አማካይ 3 ሄክቶፓስካል (የግፊት አሃድ) ከወረደ ንቃ፤ 5 ከወረደ አውሎ ነፋስ በ200 ማይል ውስጥ ሊሆን ይችላል። ጉዱ እዚህ ጋ ነው፦ በ8 ሜትር ከፍታ 1 ሄክቶፓስካል ይቀንሳል። ብሪጁ (መርከቡ የሚመራበት ክፍል) ከውሃው 24 ሜትር ከሆነና ንባቡን ለከፍታው ካላረምከው፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ ሳይክሎን «ታያለህ»።

የብሪጅ ሰው፦
አንድ ነገር ልጨምር። በየመንና በኦማን ጠረፍ በሐምሌ ጭጋግና አቧራ እይታን ይቀንሳሉ። የራዳሩን የሞገድ ማጣሪያ እስከ ጥግ ካሳደግከው ትንንሽ ጀልባዎችም አብረው ይጠፋሉ። ስክሪኑ ላይ ትንሽ ነጠብጣብ ይቅር።