«ጤዛ» ላይ ጊዜው እንዲያ የሚቆራረጠው ለምንድን ነው? ከሰሞኑ ካያችኋቸው ፊልሞች ጋር እያነጻጸራችሁ አስተያየታችሁን አካፍሉኝ

የጦሳ ልጅ (ደሴ)

እንደምን ሰነበታችሁ? ሙጋድ አካባቢ የምንኖር ጥቂት ጓደኛሞች ቅዳሜ ማታ አንዳችን ቤት እየተሰባሰብን ቡና እየጠጣን ፊልም እናያለን፤ ፊልሙን የሚመርጠው ባለተራው ነው። ባለፈው ቅዳሜ የተመረጠው የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ነበር። ፊልሙ በ2001 ዓ.ም. ዋጋዱጉ ላይ በተካሄደው የፌስፓኮ የፊልም ፌስቲቫል ታላቁን ሽልማት ማግኘቱን፣ ከዚያ ቀደም ብሎም በቬኒስ መሸለሙን ስለምናውቅ በጉጉት ነበር የጠበቅነው።

ሆኖም ፊልሙ ሲያልቅ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። አንበርብር ከጀርመን ተመልሶ ጣና ዳር ወዳለው የእናቱ መንደር ይደርሳል፤ ገና ከመንደሩ ሰው ጋር በቅጡ ሳንተዋወቅ ወደ ጀርመን የተማሪነት ዘመኑ እንወሰዳለን፤ ከዚያ ወደ ደርግ ዘመን አዲስ አበባ፣ ከዚያ እንደገና ወደ መንደሩ። ግማሾቻችን ይህ አካሄድ ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ለሚፈጅ ፊልም እጅግ አድካሚ ነው አልን፤ ሌሎቹ ደግሞ ታሪኩ በሌላ መንገድ ሊነገር አይችልም ብለው ተሟገቱ። እኔ ከመጀመሪያዎቹ ወገን ነኝ። ታሪኩ ራሱ ያስገደደው ነገር ነው ወይስ የዳይሬክተሩ ምርጫ ብቻ? ደግሞስ በቅርቡ ካያችኋቸው የእኛ ፊልሞች መካከል ሳይቆራረጥ፣ ከመነሻው እስከ መድረሻው በቀጥታ እየሄደ የዚህን ያህል ክብደት ያለው አለ?

ሐይቅ ዳር

ወንድሜ፣ እኔ ከተሟጋቾቹ ወገን ነኝ። ፊልሙን ከሰሞኑ ለሁለተኛ ጊዜ አይቼው ስለነበር ጥያቄህ በጊዜው ደረሰልኝ።

አንበርብር ወደ እናቱ የተመለሰው እግሩን አጥቶ፣ ትዝታውም ተበታትኖበት ነው። ሌሊት በቅዠት ይባንናል፤ እናቱ ልጄ ምን ሆኖ መጣ እያለች ትጨነቃለች፣ እርሱ ግን የሆነውን ነገር በቅደም ተከተል ሊነግራት አይችልም። ዳይሬክተሩ ታሪኩን አስተካክሎ፣ ከጀርመን ጀምሮ በዓመት በዓመቱ ቢያቀርብልን ኖሮ እኛ ተመልካቾቹ ከባለታሪኩ የበለጠ አዋቂዎች ሆነን እንቀመጥ ነበር። አሁን ግን ከእናቱ እኩል ነን፤ እርሷ የምታየውን ሰው እናያለን፣ እርሷ የምትጠይቀውን እንጠይቃለን፣ መልሱም እንደ እርሷ በቁርጥራጭ ይደርሰናል። እግሩን እንዴት እንዳጣ ዘግይቶ የሚገለጠውም ለዚህ ይመስለኛል። ላላየው ሰው ስል ዝርዝሩን እተወዋለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ደግማችሁ ስታዩት «ከዚያስ ምን ሆነ?» ከማለት ይልቅ «አሁን ይህን ትዝታ ምን ቀሰቀሰው?» ብላችሁ እዩት። ፊልሙ ወደኋላ ከመመለሱ በፊት መንደሩ ውስጥ ምን እንደተደረገ ብትከታተሉ ብዙው ነገር ይገጣጠማል። ወጣቶቹ ለጦርነት ተይዘው እንዳይወሰዱ ተራራው ላይ ዋሻ ውስጥ ተደብቀዋል፤ አንበርብር እነርሱን ባየ ቁጥር በእርሱ ወጣትነት በአብዮት ስም ያለቁት ጓደኞቹ አብረው ይነሣሉ። ስለዚህ ዘመኑ ቢዘልም ጉዳዩ አይዘልም፤ ሁለቱም ቦታ ላይ የሚታየው የተማረውም ያልተማረውም ወጣት እየተመዘዘ ሲማገድ ነው።

ቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)

አሰላሙ ዓለይኩም ወገኖቼ። የሐይቅ ዳር አስተያየት ያማረ ነው፤ እኔ ግን አልተረታሁም። «ጤዛ» መንደሩ ውስጥ እያለ እጅግ የላቀ ፊልም ነው፤ አዲስ አበባ ሲገባ ግን ስብሰባውና ክርክሩ ይበዛል። የዚያን ዘመን የተማሪዎች ንቅናቄ ታሪክ አስቀድሞ ያላነበበ ወጣት፣ ማን ከማን ጋር ለምን እንደሚጣላ ሳይገባው ወደሚቀጥለው ዘመን ይወረወራል። ባለታሪኩ ግራ መጋባቱን መካፈል አንድ ነገር ነው፤ መረጃ አጥቶ መቅረት ግን ሌላ ነው።

በቀጥታ የሚሄድ ፊልም ለጠየቅኸው፣ የሞገስ ታፈሰን «ቁራኛዬ» ተመልከቱ። በቀድሞው የፍርድ ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ እርስ በርስ ተቆራኝተው ወደ ዳኛ ይሄዱ እንደነበር አባቶቻችን ያወሩናል፤ ፊልሙ የተሠራው በዚህ ሥርዓት ላይ ነው። የሚጠላሉ ሰዎች በአንድ ሰንሰለት ታስረው አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ፣ አብረው ይጓዛሉ። እንዲህ ያለ ታሪክ ወደኋላ መመላለስ አያስፈልገውም፤ መንገዱ ራሱ ወደፊት ይጎትተዋል፣ ሰንሰለቱም ሰዎቹን እንዲነጋገሩ ያስገድዳቸዋል። ንግግሩም ደስ ይላል። ባለታሪኩ የቅኔ ተማሪ ስለሆነ አማርኛው የዛሬ ከተማ አማርኛ አይደለም፤ ሙግቱን ብቻ ለመስማት ደግሜ ባየው አይቆጨኝም።

ቀጥተኛነት ሁልጊዜ ይበጃል ማለቴ ግን አይደለም። በ2006 ዓ.ም. በሰንዳንስ የተመልካቾችን ሽልማት ያገኘው የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» ቀጥ ያለ የፍርድ ቤት ታሪክ ነው፤ ተጠልፋ ጠላፊዋን የገደለች ልጅ ትከሰሳለች፣ ጠበቃዋ ትሟገትላታለች። ጠበቃዋን ሆና የተጫወተችው ሜሮን ጌትነት ጎበዝ ናት፤ ነገር ግን አንዳንዱ ንግግር ለእኛ ሳይሆን ስለ ጠለፋ ሰምቶ ለማያውቅ የውጭ ተመልካች የተብራራ ይመስላል።

ጋሸና መገንጠያ

ሰላም ለሁላችሁም። ክርክሩን ሳነብ አንድ ነገር ከነከነኝ። ሁላችሁም ስለ መቆራረጥ የምትነጋገሩት እንደ ተረካ ስልት ብቻ ነው፤ እኛ ወሎዬዎች ግን የፊልም መቀስ ምን ሊያደርግ እንደሚችል በራሳችን ምስል ያየን ሰዎች ነን።

በ1966 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ ቀርጾ ለሀገሩ ቴሌቪዥን አቀረበ፤ ዓለም ረሃቡን ያወቀው በዚህ ፊልም ነው። ያው ፊልም በ1967 ዓ.ም. በዕንቁጣጣሽ ምሽት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ ማለት ነው፣ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። ይሁንና የታየው እንደ ነበረ አልነበረም፤ በረሃብተኞቹ ምስል መካከል የቤተ መንግሥት ድግስ እየተሰነገ ገብቶበት ነበር። ረሃቡ እውነት ነው፤ ድግሱም እውነት ነው። ሁለቱን አጎራብቶ የቀጠለው እጅ ግን ሦስተኛ ነገር ተናገረ፣ ያም በማግስቱ ለሚሆነው ነገር ሕዝቡን አዘጋጀ። ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በ1977 ዓ.ም. ጥቅምት፣ ኮረም ገና በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር ሳለች፣ መሐመድ አሚን የቀረጸውና ማይክል በርክ ለቢቢሲ የዘገበው ምስል በዓለም ዙሪያ ታየ። ያ ምስል እርዳታ እንዳስገኘ፣ ብዙ ነፍስም እንዳተረፈ አልክድም። ነገር ግን በሁለቱም ጊዜ የተቀረጹት ሰዎቻችን ስማቸው አይነገርም፤ አብዛኞቹ አንድ ቃል ሳይናገሩ ያልፋሉ፤ ስለ እነርሱ የሚናገረው ሌላ ሰው ነው።

«ጤዛ»ን የምወደው እዚህ ላይ ነው። መቆራረጡ የብዙ ሰው ቅሬታ መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን የሚቆራረጠው አንበርብር ራሱ በሚያስታውሰው ልክ ነው እንጂ አንድ ባለሥልጣን ወይም አንድ የውጭ ተራኪ ከላይ ሆኖ በሚፈልገው ልክ አይደለም። ገበሬዎቹም በካሜራው ፊት ቁጭ ብለው የሚታዘንላቸው ሰዎች አይደሉም። ይከራከራሉ፣ ይሳደባሉ፣ የተማረውን ሰው ይታዘቡታል፣ እናቱም ልጇን ጠበል ወስዳ ለማዳን የራሷን መፍትሔ ትሞክራለች። ስለዚህ እኔ አንድን ፊልም የምመዝነው በመቆራረጡ ወይም በመቀጠሉ አይደለም፤ ቆራጩ ማን እንደሆነ፣ የተቆረጠው ሰው አፍ እንዳለው ወይም እንደሌለው ነው የማየው። ቦርከና ማዶ ስለ «ድፍረት» ያነሣው ቅሬታም በእኔ ዓይን ከዚሁ ጋር ይያያዛል፤ ፊልሙ ለማን እንደሚናገር ነው ጥያቄው።

የጦሳ ልጅ (ደሴ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሸና መገንጠያ ያነሣውን ለጓደኞቼ አነባለሁ፤ ከመካከላችን የ66ቱን ረሃብ በወላጆቹ አንደበት ሰምቶ ያላደገ የለም። አሁንም አዲስ አበባ ላይ ያለው ክፍል ይረዝማል የሚለውን ግን አልተውም፤ በዚህ ከቦርከና ማዶ ጋር ነኝ። የሚቀጥለው ቅዳሜ ተራው የእኔ ነው። ልጆችም ስለሚኖሩ ጠብመንጃ የማይበዛበት፣ ረዘም ያላለ ፊልም ብትጠቁሙኝ?

ሐይቅ ዳር

እንግዲያው የያሬድ ዘለቀን «ላምብ» ምረጥ። በ2007 ዓ.ም. በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው፤ ርዝመቱም ከአንድ ሰዓት ተኩል እምብዛም አያልፍም። ኤፍሬም የሚባል ትንሽ ልጅ እናቱ ስትሞት አባቱ ዘመድ ዘንድ ያስቀምጠውና ሥራ ፍለጋ ይሄዳል። ልጁ ቹኒ ከምትባል በጉ በቀር ወዳጅ የለውም፤ አጎቱ ደግሞ በጓን ለመጪው በዓል ሊያርዳት ያስባል። ኤፍሬም ምግብ መሥራት ይችልበታልና ሳምቡሳ እየሸጠ የመሳፈሪያ ገንዘብ ለማጠራቀም ይነሣል።

ጋሸና መገንጠያ ካነሣው ጋር የሚሄድ ነገርም አለው። የልጁን እናት የወሰዳት ረሃብ ነው፤ ፊልሙ ግን የሚጀምረው ከሞተች በኋላ ሲሆን፣ ሐዘኑን የምናየው ልጁ ከእርሷ የተማረውን ወጥ ሲሠራ ነው። አጎቱ ወንድ ልጅ እንዴት ማድቤት ይገባል እያለ የሚቆጣበትን ክፍል ልጆቹ እንዴት እንደሚያዩት ለማወቅ እጓጓለሁ፤ እኔ ከእህቶቼ ልጆች ጋር ሳየው ሴቶቹ ሳቁ፣ ወንዶቹ ዝም አሉ።

ቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)

«ላምብ»ን እኔም እደግፋለሁ። አጎቱን ግን እንደ ክፉ ሰው ብቻ አትዩት፤ ድርቅ ባለበት አገር ብዙ አፍ የሚመግብ ገበሬ አንዲት በግ ምን ማለት እንደሆነች ያውቃል። ቅዳሜ የምትከራከሩበት ነገር ከፈለጋችሁ ከእርሱ ጀምሩ።