ፍሬዛል ቨርብ አልገባ ያለኝ እኔን ብቻ ነው?

ግራ_ገባኝ፦
ሰላም ናችሁ ወገኖች፣ እስቲ ይሄን ነገር አስረዱኝ። እንግሊዝኛ በጽሑፍ ብዙም አያስቸግረኝም፣ ሪፖርት አነባለሁ ኢሜይል እጽፋለሁ፣ ሰዎቹ ማውራት ሲጀምሩ ግን አለቀልኝ። የሚገርመው ቃላቱን ሁሉንም አውቃቸዋለሁ እኮ፣ ጌት፣ ፑት፣ ቴክ፣ ጎ፣ አፕ፣ አውት... ሁለቱ ተጣምረው ሌላ ትርጉም ሲያመጡ ነው ጉዱ፣ ፍሬዛል ቨርብ የሚሉት። ባለፈው አለቃዬ በስልክ «ዘ አላርም ዌንት ኦፍ» ሲለኝ እኔ ኦፍ ማለት መጥፋት አይደል፣ አላርሙ ጠፍቷል ማለት ነው፣ ደግ ነው ብዬ «ኦኬ ታንክ ዩ» ብዬው ዘጋሁት። ለካ አላርሙ እየጮኸ ነው ሂድና እይ እያለኝ ኖሯል። በማግስቱ የጠጣሁትን ቁጣ ተዉት። ከዛ በእልህ 300 የሚሆኑ ፍሬዛል ቨርቦች ያሉበት ዝርዝር ዳውንሎድ አድርጌ በቀን 20 በቀን 20 መሸምደድ ጀመርኩ፣ ሳምንት ሳይሞላኝ ጌት ኦፍ፣ ጌት ኦቨር፣ ጌት አዌይ ተደበላልቀውብኝ አረፉት። ምን ይሻለኛል?

ነገር_በምሳሌ፦
«ኦኬ ታንክ ዩ» ገደለኝ ሃሃሃ። ግን አይዞህ፣ ኦፍ የማታሞኘው ሰው የለም። መብራት ዌንት ኦፍ ከተባለ ጠፋ ነው፣ አላርም ከሆነ ጮኸ፣ ቦምብ ከሆነ ፈነዳ፣ ወተት ከሆነ ደግሞ ተበላሸ። እንግዲህ በምን ቀመር ትይዘዋለህ?

እኔን የገላገለኝ የራሳችን አማርኛ ነው። ቁጭ አለ፣ ብድግ አለ፣ ዝም አለ እንላለን አይደል፣ ማን ምን «አለ»? ዝም ያለ ሰው እኮ ምንም አላለም! አማርኛ የሚማር የውጭ ሰው «ቁጭ» ምን ማለት ነው ብሎ ለብቻው ቢጠይቅህ ምን ትለዋለህ፣ ወንድሜ አትገንጥለው አንድ ላይ ያዘው ነው የምትለው። እጅ ሰጠ ስንልም ማንም እጁን ቆርጦ ለማንም አልሰጠም። እነሱ ጊቭ አፕ አሉት በቃ። አንድ ቃል አድርገህ ቁጠረው፣ ፊደሉ መሀል ክፍተት ስላለ አትታለል።

ቲቸር_ነኝ፦
ነገር በምሳሌ፣ ግማሹን እስማማለሁ ግማሹን አልስማማም። የኋላዋ ቃል ዝም ብላ የምትጎለትበት ጊዜ አለ፣ የራሷን ሥራ የምትሠራበትም አለ። አፕን እዩዋት፣ ብዙ ቦታ ላይ «ጨርሶ» ማለት ናት። ኢት ብላ ነው፣ ኢት አፕ ግን ጥርግ አድርገህ ብላ። ፊል መሙላት፣ ፊል አፕ ጢም አድርጎ መሙላት። ዩዝ አፕ ተጠቅሞ መጨረስ። ይቺን ካወቅክ አዲስ ሲገጥምህ ገምተህ ታገኘዋለህ፣ ሉክ አፕ ላይ ግን አይሠራልህም፣ እሱ ቃል ከመዝገበ ቃላት መፈለግ ነው፣ እዛ ላይ የምሳሌው ምክር ልክ ነው።

ግራ ገባኝ፣ በጽሑፍ የሚገባህ በንግግር የሚጠፋብህ ያለምክንያት አይደለም። በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ የቤተ መንግሥቱና የፍርድ ቤቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ሆኖ ቆየ፣ ከሱና ከላቲን የመጡት ረጃጅም ቃላት እስከዛሬ የመጽሐፍና የቢሮ ናቸው፣ አጫጭሮቹ ደግሞ የቤትና የመንገድ። ትምህርት ቤት ለሌላ ጊዜ ማስተላለፍን ፖስትፖን ብለው አስተማሩን፣ ሰዉ ፑት ኦፍ ይላል። መታገስን ቶለሬት ብለን ተማርን፣ ሰዉ ፑት አፕ ዊዝ ይላል። ኤክስቲንጉዊሽ ብለን ስንሰቃይ እሳቱን ፑት አውት አድርገው ሄዱ። ስለዚህ በምታውቀው ረጅም ቃል ጎን አጭሩን ጻፍ፣ ከዜሮ አትጀምር።

ካርድ_አልረሳም፦
እኔ የምለው ስለ በቀን 20ው ነው። ኧረ ራስህን አትቅጣ! ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ በ1885 ባሳተመው ሥራው በራሱ ላይ ሞክሮ ያየው ነገር ነው፣ የሸመደድከው ነገር በብዛት የሚጠፋው መጀመሪያዎቹ ሰዓታት ላይ ነው፣ ከዛ ነው ቀስ የሚለው። ስለዚህ በቀን 3 ይበቃሃል፣ ግን ነገ ድገመው፣ ከሦስት ቀን በኋላ ድገመው፣ ከሳምንት በኋላ ድገመው። አንኪ የሚባለው የስልክ መተግበሪያ ይሄን ቆጥሮልህ ራሱ ያመጣልሃል። ሌላው ደግሞ በጌት የሚጀምሩትን ሁሉ በአንድ ቀን አትያዝ፣ የተደበላለቁብህ ለዛ ነው፣ መልካቸው አንድ ነዋ። ካርዱ ላይም ትርጉም ብቻ አትጻፍ፣ ከራስህ ሕይወት ዓረፍተ ነገር ጻፍበት። አለቃህ ዕድሜ ይስጠውና ዌንት ኦፍን መቼም አትረሳትም።

ዝምተኛው፦
እኔም ችግሬ ይሄው ነው፣ እየተከታተልኩ ነው ቀጥሉ

ቲቸር_ነኝ፦
ረስቼው፣ ስትሰማ ቃሎቹ ተነጣጥለው አይመጡልህም። ፒክ ኢት አፕ በአሜሪካኖቹ አፍ «ፒኪራፕ» ነው፣ እኔ መጀመሪያ የሰው ስም መስሎኝ ነበር። ደግሞ ኢት፣ ሂም፣ ዜም ከሆነ መሀል ነው የሚገባው፣ ተርን ኢት ኦፍ እንጂ ተርን ኦፍ ኢት አይባልም። ስሙን ከጠራኸው ግን ተርን ኦፍ ዘ ቲቪም ተርን ዘ ቲቪ ኦፍም ልክ ነው። የማይከፈሉም አሉ፣ ሉክ አፍተር ሂም ነው፣ ሉክ ሂም አፍተር አይሆንም።

ግራ_ገባኝ፦
ኧረ ዕድሜ ይስጣችሁ! የ«ዝም አለ»ዋ ነገር ዓይኔን ገለጠችልኝ። 300ውን ዝርዝር ዲሊት አደረግኩት፣ ዛሬ ሦስት ብቻ፣ ዌንት ኦፍ፣ ዩዝ አፕ፣ ፑት ኦፍ። ዓረፍተ ነገርም ሠራሁ፦ «አይ ሃቭ ቱ ስተዲ፣ አይ ዎንት ፑት ኦፍ ኢት»

ቲቸር_ነኝ፦
ፑት *ኢት* ኦፍ!!! አሁን እኮ ነው የነገርኩህ

ግራ_ገባኝ፦
ኦኬ ታንክ ዩ