«ኮምፒውተሩን ይቀይር» መልስ ነው?

የሐረጎ ልጅ፦ ትናንት ኮምቦልቻ ላይ አንድ የሙያ ጓደኛችን «ፕሮግራሜ በዊንዶውስ 7 ካልሠራ ደንበኛው ኮምፒውተሩን ይቀይር» አለ። በጣም ነው የተናደድኩት። ሰኞ ገበያ ያለ ባለሱቅ ለኛ ኮድ ብሎ አዲስ ማሽን ይግዛ?

ቦርከና፦ ያልኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም እላለሁ። ማይክሮሶፍት ራሱ እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ድጋፉን አቁሟል። ክፍተቱ በማይደፈንለት ማሽን ላይ የሰው ሒሳብ አስቀምጬ እንዴት እንቅልፍ ይወስደኛል? ኮዱን የጻፍኩበት ቋንቋ፣ ፓይተን እንኳ ከሥሪት 3.9 ጀምሮ እዚያ ላይ አይሠራም።

የሐረጎ ልጅ፦ 3.8 ይሠራል እኮ! ኮድህን አይቼዋለሁ። ከ3.9 የወሰድከው ሁለት ዲክሽነሪ (ስምና እሴት የተጣመሩበት ዝርዝር) በ«|» ምልክት ማዋሃዱን ብቻ ነው። በ«አፕዴት» ትእዛዝ ይሠራ ነበር። ለአንዲት ምልክት ነው «ይቀይር» ያልከው?

ቦርከና፦ ዛሬ አንዲት ምልክት፣ ነገ አሥር። ደግሞ የ3.8 ድጋፍም በ2024 አብቅቷል። በሁለት ሥሪት ስፈትሽ የምውለውን ማን ይከፍለኛል?

የፒያሳ ጠጋኝ፦ ልጆች፣ «ይቀይር» ስትሉ ሰውየው ማሽኑን ተሸክሞ እኔ ጋ ነው የሚመጣው። ዊንዶውስ 11 ጫንልኝ ይለኛል። እሱ 4 ጊጋባይት ራምና ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍል ይፈልጋል። የሰውየው ማሽን 2 ጊጋ ነው። ምን ልበለው?

ቦርከና፦ ጋሼ፣ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ይጫኑለት።

ሰብለ ኮድ፦ ወንድሜ፣ ያንተ ፕሮግራም ሊኑክስ ላይም አይነሳም! ሞክሬዋለሁ። የፋይሉ ስም በትልቅ ፊደል ይጀምራል፣ ኮዱ ውስጥ በትንሽ ፊደል ጽፈኸዋል። ዊንዶውስ ያልፍሃል፣ ሊኑክስ አያልፍህም። በሲ ቋንቋ የጻፍከው ክፍል ደግሞ «ሎንግ» የሚባለውን የቁጥር ዓይነት እንዳለ ፋይል ላይ ይጽፋል። ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ላይ 4 ባይት ነው፣ ባለ 64 ቢት ሊኑክስ ላይ 8። በዊንዶውስ የተቀመጠው ሒሳብ እዚያ ሲከፈት ይበላሻል።

ቦርከና፦ እህቴ፣ ደሴ ውስጥ ሊኑክስ የሚጠቀም ስንት ባለሱቅ ታውቂያለሽ?

ሰብለ ኮድ፦ አሁን «ይጫኑለት» ያልከው አንተ አይደለህም?

የሐረጎ ልጅ፦ ወደ ነገሩ እንመለስ። በኮድህ የዊንዶውሱን ሥሪት ጠይቀህ አትወስን፤ የምትፈልገው ነገር መኖሩን ፈትሽ። ዊንዶውስ 8.1 እኮ ማኒፌስት (የሚደግፋቸውን ሥሪቶች የሚገልጽ ፋይል) ለሌለው ፕሮግራም 6.2 ነኝ ብሎ ነው የሚመልሰው፤ የ8ን ቁጥር። ያቺን የ«|» መስመር ዛሬ ማታ አስተካክዬ እልክልሃለሁ።

ቦርከና፦ ላክ፣ እሞክራለሁ። ማሽኑ ኢንተርኔት ላይ ከተሰካ ግን አሁንም ይቀይር ነው የምለው።

የፒያሳ ጠጋኝ፦ በምን ብር?