ትራንዚት ላመለጣችሁ ሁሉ፦ ካሳችሁን ጠይቁ

ከሐምቡርግ፦

እንደምን ከረማችሁ። ባለፈው ሳምንት አንዲት እህት በረራዋ ዘግይቶ ትራንዚት ስላመለጣት ምን ማድረግ እንደምትችል ጠይቃ ነበር። ከመለሱላት ሰዎች አብዛኞቹ «ተዪው፣ በከንቱ አትድከሚ፣ አይከፍሉም» ማለታቸውን ሳነብ በጣም ቆጨኝ። ይከፍላሉ። ለእኔና ለቤተሰቤ ከፍለዋል፤ ስምንት ወር ፈጀ እንጂ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ዓምና ጥር ላይ የታናሽ ወንድሜ ሰርግ ነበር። እኔ፣ ሁለቱ ልጆቼና እኛ ዘንድ ከርማ የምትመለሰው እናቴ አርብ ጠዋት ከሐምቡርግ ተነሥተን፣ በሌላ የአውሮፓ ከተማ ትራንዚት አድርገን፣ ማታውን አዲስ አበባ ልንገባ ነው። ሰርጉ ቅዳሜ ነው። አውሮፕላኑ ውስጥ ገብተን ቀበቶ ካሰርን በኋላ አብራሪው አንድ መሣሪያ ላይ ብልሽት ስለታየ ቴክኒሻን እየተጠበቀ መሆኑን ተናገረ። አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ እዚያው ተቀመጥን። ትራንዚቱ ጋ ስንደርስ የአዲስ አበባው በር ተዘግቷል፤ አውሮፕላኑ ግን ገና ከመስታወቱ ማዶ ቆሞ ይታየናል። እናቴ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ እንዳቀፈች አንዴ አውሮፕላኑን አንዴ እኔን ታያለች። ቦርሳው ውስጥ ለሙሽራይቱ የገዛችው የአንገት ሐብል ነበር። የሚቀጥለው በረራ የተገኘው ቅዳሜ ማታ ነው። ወንድሜ ቅዳሜ ጠዋት ከቤት ሲወጣ የሚስመው የእናቱ ጉልበት አልነበረም። እኛ እሁድ ጎህ ሲቀድ ገብተን ለመልሱ ደረስን።

ይህን ገንዘብ አይመልሰውም። ነገር ግን «ምን ይደረግ፣ የእግዜር ነገር ነው» ብሎ መተው ተገቢ አይደለም፤ ብልሽቱ የአየር መንገዱ ነው፣ ሕጉም ካሳ ክፈል ይለዋል።

አሁን ወደ ሕጉ ልምጣ። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 261 ይባላል፤ የወጣው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2004 ነው፣ ሥራ ላይ የዋለው በ2005። ከኅብረቱ አገር የሚነሣ ማንኛውንም በረራ ይመለከታል፣ አየር መንገዱ የየትም አገር ይሁን። ከውጭ ወደ ኅብረቱ አገር ሲመጣ ግን የሚያበርረው አየር መንገድ የአውሮፓ መሆን አለበት። ስለዚህ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከፍራንክፈርት ወደ አዲስ አበባ ሲበር ደንቡ ይመለከተዋል፤ ከአዲስ አበባ ወደ ፍራንክፈርት ሲመጣ አይመለከተውም። ቲኬቱ አዲስ አበባ በብር ይገዛ ወይም እዚህ በዩሮ ለውጥ የለውም። የእናቴ ቲኬት ደርሶ መልስ ሆኖ አዲስ አበባ የተገዛ ነበር፤ የዘገየው ግን ከሐምቡርግ የተነሣው መልሱ ስለሆነ እኩል ተከፍሏታል።

የካሳው መጠን በርቀት ነው፦ እስከ 1,500 ኪሎ ሜትር 250 ዩሮ፣ እስከ 3,500 ድረስ 400፣ ከዚያ በላይ 600። አዲስ አበባ ከአውሮፓ ትልልቅ ከተሞች ከ3,500 በላይ ስለሆነ የእኛ ሰው ጉዳይ ብዙ ጊዜ 600 ነው። በዚህ ረጅም ርቀት መዘግየቱ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ብቻ ከሆነ ግማሹን ሊቀንሱ ይችላሉ። የሚቆጠረው ለእያንዳንዱ ሰው ነው፤ የራሱ ቲኬት የተከፈለለት ልጅ እንደ አዋቂ ይቆጠራል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «የመጀመሪያው በረራ የዘገየው አንድ ሰዓት ብቻ ነው፣ ለካሳ የሚያስፈልገው ሦስት ሰዓት አልሞላም» ይላል። የሚቆጠረው መጨረሻ የደረሳችሁበት ሰዓት ነው! ከብሬመን በፓሪስና በሳኦ ፓውሎ አድርገው ወደ ፓራጓይ ይጓዙ የነበሩ አንዲት ሴት የመጀመሪያ በረራቸው ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ዘግይቶ፣ ያሰቡበት የደረሱት 11 ሰዓት ዘግይተው ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2013 ፈረደላቸው። ሰዓቱ የሚያበቃውም ጎማው መሬት ሲነካ ሳይሆን የአውሮፕላኑ በር ሲከፈት ነው። ሦስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ ለቀረው ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በሩ ሲከፈት ስልካችሁን አውጥታችሁ ሰዓቱን መዝግቡ።

አስተናጋጇ ጠረጴዛ ላይ የምግብ ኩፖን ሰጠችንና ለእያንዳንዳችን የ250 ዩሮ የጉዞ ቫውቸር የሚሰጥ ወረቀት አቀረበችልን፤ ከታች ፊርማ ይላል። ትንሹ ልጄ ያለቅስ ስለነበር «ቤት ወስጄ አነበዋለሁ» ብዬ ያዝኩት። ሆቴል ስደርስ ሳነበው፣ በዚህ ጉዳይ ሌላ ጥያቄ አላነሣም የሚል ዓረፍተ ነገር በደቃቅ ፊደል ሰፍሮበታል። ደንቡ ካሳው በጥሬ ገንዘብ፣ በባንክ ወይም በቼክ ይከፈል ይላል፤ ቫውቸር መስጠት የሚቻለው ተጓዡ በፊርማው ከተስማማ ብቻ ነው። እናትና አባቶቻችን ቋንቋውን ሳያውቁ የሚፈርሙት ይህን ነው። እባካችሁ ለብቻቸው ስትሸኟቸው «ምንም ነገር አትፈርሙ» በሏቸው።

ሆቴሉን ራሴ ነው የያዝኩት፣ እነሱ ክፍል የለም ስላሉ። ምግብ፣ ማደሪያ፣ ወደ ሆቴሉ መሄጃና መመለሻ የእነሱ ግዴታ ነው፤ ጥፋቱ የአየር ጠባይ ቢሆን እንኳ አይቀርም። ደረሰኙን አስቀምጡ።

ከዚያ ጻፍኩ። አጭር ደብዳቤ፦ የበረራ ቁጥር፣ ቀን፣ የቦታ ማስያዣ ቁጥር፣ የአራታችን ስም፣ 2,400 ዩሮ ከሆቴሉ ወጪ ጋር፣ የባንክ ሂሳብ። ከአምስት ሳምንት በኋላ «መዘግየቱ የበረዶ ምክንያት ስለሆነ ከአቅማችን በላይ ነው» የሚል መልስ መጣ። እኔ ግን አብራሪው የተናገረውን በተናገረበት ሰዓት ስልኬ ላይ ጽፌዋለሁ፤ የመነሻ ሰሌዳውንም አንሥቼዋለሁ። በዚያች ሰዓት ከሐምቡርግ ሌሎቹ ሁሉ በሰዓታቸው ተነሥተዋል። የቴክኒክ ብልሽት ደግሞ በመደበኛው ከአቅም በላይ አይባልም፤ ይህ በ2008 ተፈርዶ ያለቀ ነው። ፎቶውን አያይዤ መልሼ ጻፍኩ። ዝም አሉ። የመጀመሪያው ደብዳቤ ሁለት ወር ሲሞላው በርሊን ወደሚገኘው የጉዞ ጉዳዮች አስታራቂ ተቋም ወሰድኩት። ለተጓዥ በነፃ ነው። ሙሉው ገንዘብ የገባው በእነሱ በኩል ነው።

ካሳ የሚያስከፍሉ ድርጅቶች አሉ፤ ጊዜ ለሌለው ሰው አልከለክልም፣ ግን ከገንዘቡ ሩብ ወይም ሲሦ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳሉ። መጀመሪያ ራሳችሁ ጻፉ።

ከዋሽንግተን፦

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። እኛ ባለፈው ክረምት በአንድ የአውሮፓ አየር መንገድ በፍራንክፈርት በኩል አዲስ አበባ ስንሄድ አንድ ቀን ሙሉ ቆመናል። እኛንም ይመለከታል?

ከብራስልስ፦

ወንድሜ፣ ቲኬት ቢሮ ስለምሠራ ይህ ጥያቄ በየሳምንቱ ይመጣብኛል። የሚያሳዝን መልስ ነው፦ በአንድ ቲኬት ከአሜሪካ ተነሥተው ኢትዮጵያ ከወረዱ፣ መሀል ላይ ፍራንክፈርት መቆምዎ አያስገባዎትም። መነሻውም መድረሻውም ከኅብረቱ ውጭ ነው። በ2022 ከሞልዶቫ በቪየና አድርጎ ወደ ባንኮክ በሚሄድ መንገደኛ ጉዳይ ፍርድ ቤቱ እንዲሁ ብሏል። አሜሪካ ደግሞ ለመዘግየት የተወሰነ ካሳ የሚያስከፍል ሕግ የላትም፤ ዓለም አቀፍ በረራ ስድስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ዘግይቶ እርስዎ ጉዞውን ከተዉት የቲኬቱን ገንዘብ ይመልሳሉ።

ነገር ግን ባዶ እጅዎን አይደሉም። አገሮች ስለ አየር ጉዞ የተስማሙበት የ1999ኙ የሞንትሪያል ስምምነት አለ፤ አሜሪካም ኢትዮጵያም አባል ናቸው። እዚያ የተተመነ ገንዘብ የለም፤ በመዘግየቱ ምክንያት ያወጡትን በደረሰኝ ያስመልሳሉ። ክስ የሚመሠረተው በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። ሻንጣ ዘግይቶ ከሆነም ከተረከቡበት ቀን ጀምሮ በ21 ቀን፣ ተሰብሮ ከሆነ በ7 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ይህ ካለፈ አለቀ።

የአውሮፓውን ካሳ የመጠየቂያ ጊዜ አገሮቹ ራሳቸው ይወስናሉ። ጀርመን ሦስት ዓመት ነው፣ ከዓመቱ መጨረሻ ይቆጠራል። እኛ ቤልጂየም ያለን አንድ ዓመት ብቻ ነው። እንግሊዝ ከኅብረቱ ብትወጣም ደንቡን አስቀርታለች፤ ለሩቁ 520 ፓውንድ ነው፣ በእንግሊዝና በዌልስ እስከ ስድስት ዓመት ይጠየቃል።

ከቴል አቪቭ፦

እዚህ እስራኤል ላላችሁ፦ ከ2012 ጀምሮ የራሳችን ሕግ አለ። ወደ እስራኤልም ይግባ ከእስራኤልም ይውጣ፣ አየር መንገዱ የማንም ቢሆን ይሠራል። ግን ለካሳ ስምንት ሰዓት መዘግየት ያስፈልጋል። ሦስት ሰዓት የሚለውን የአውሮፓ ቁጥር ይዛችሁ አትከራከሩ፤ እኔ ተከራክሬ አፍሬ ተመልሻለሁ።

ከስቶክሆልም፦

አንድ ነገር ልጨምር። ርካሽ ነው ብለን ከስቶክሆልም ፍራንክፈርት በአንድ ቲኬት፣ ከፍራንክፈርት አዲስ አበባ በሌላ ቲኬት ገዛን። የመጀመሪያው ዘገየ፣ ሁለተኛው ሄደ። ሁለተኛው አየር መንገድ «ሰዓታችሁ ላይ አልመጣችሁም» አለን፤ ካሳ ቀርቶ አዲስ ቲኬት ገዛን፣ ለሦስት ሰው። ያተረፍነው ሁለት መቶ ዩሮ አልሞላም ነበር። ትራንዚቱ በአንድ የቦታ ማስያዣ ቁጥር ካልሆነ አትግዙ። ደግሞ አንድ ጥያቄ፦ እናቴ የመሳፈሪያ ካርዷን ጥላዋለች፤ ያለ እሱ ይቻላል?

ከሐምቡርግ፦

ይቻላል እህቴ። በአውሮፓ ደንብ የጸና የቦታ ማስያዣ ካላት ይበቃል፤ በ2019 ፍርድ ቤቱ ካርዱ የግድ እንዳልሆነ ወስኗል። የእኔም እናት ጥላው ነበር። በስሟ ጻፊ፣ የውክልና ወረቀት አስፈርሚያትና የፓስፖርቷን ቅጂ አያይዢ። እናቴ አዲስ አበባ ሆና በሰፊው በአማርኛ ፊደል ፈርማ በስልክ ፎቶ ላከችልኝ፤ ማንም ምንም አላለንም።