በቁምስናችን የሒሳብ ርክክብ ላይ ምክር ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ወንድሞችና እኅቶች፤ በጣና ዳርቻ በምትገኝ አንዲት የካቶሊክ ቁምስና (አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን) የምእመናን ምክር ቤት ጸሐፊ ሆኜ በቅርቡ ተመርጫለሁ። የቀድሞው ቆሞስ (የቁምስናው ኃላፊ ካህን) ተዛውረው አዲስ አባት ቢመደቡልንም፣ ገንዘብ ያዡ ቁልፉን አስረክቦ ከመሄዱ በስተቀር በወጉ የተፈረመ ርክክብ አልተደረገም። የደረሰኝ ጉርዶቹን ከባንክ ደብተሩ ጋር ሳመሳክር፣ ለጣሪያ እድሳት የተዋጣው ገንዘብ በከፊል ባንክ አለመግባቱን፣ የቆርቆሮ ግዢው ማስረጃም በእርሳስ የተጻፈ፣ ፊርማ የሌለው ብጣሽ ወረቀት መሆኑን ተረዳሁ (ቆርቆሮውን እስካሁን ያየ የለም)።

አዲሱ አባት ያላዩትን ሒሳብ እንደማይፈርሙ ተናግረዋል፤ እውነታቸውን ነው። ሽማግሌዎቹ ግን ገበናችን አደባባይ አይውጣ በማለት ነገሩ በዕርቅ እንዲያልቅ ይሻሉ። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የምሥራቃውያን አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖና (እኛን ጨምሮ የምሥራቅ ሥርዓት ያላቸው ካቶሊካውያን የሚመሩበት ሕግ) በቁጥር 1031 የቤተ ክርስቲያን ንብረት አስተዳዳሪ በየዓመቱ ለበላይ አለቃው ሒሳብ እንዲያቀርብ ስለሚያዝ፣ በእኔ እምነት ጉዳዩን ለባሕር ዳር ደሴ ሀገረ ስብከት ማሳወቅ ግዴታችን ነው፤ ዕርቁ ከምርመራው በኋላ ይደርሳል።

የቸገረኝ አካሄዱ ነው። ሒሳብ መርማሪ እስኪመደብ ጉድለቱን በቃለ ጉባኤ አስፍረን በእጅ ያለውን ብቻ ብንረከብ በኋላ ያስጠይቀናል? ለምእመናኑስ ማንንም ሳንወነጅል ምን ያህሉን እንንገራቸው? እንዲህ ያለ ርክክብ የፈጸማችሁ ካላችሁ፣ ሰነዱን እንዴት እንዳዘጋጃችሁት ብትጽፉልኝ ከልብ አመሰግናለሁ።