የዕቅድ ውይይት፦ ድሩይዷ ድብ ስትሆን ጥሩሯና ቀለበቷ ምን ይሁኑ?

አስተባባሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከሚቀጥለው ዙር ጀምሮ አንድ ተጫዋች የሚጫወትበትን ገጸ ባሕሪ ይዞ ከአንዱ የጨዋታ ገበታ ወደ ሌላው መሄድ ይችላል ብለን ተስማምተናል። እክሉ ያለው ቅርጽ ለዋጮቹ ጋ ነው፤ በተለይ እንስሳ መሆን የምትችለው የተፈጥሮ አስማተኛ፣ ድሩይድ ጋ። በአንዱ ገበታ ድሩይዷ ድብ ስትሆን የጥበቃ ቀለበቷ ይሠራል፣ በሌላው አይሠራም፣ በሦስተኛው ደግሞ መሪው እንደ ዕለቱ ሁኔታ ይፈርዳል። ለጉባኤው አንድ የጋራ ሐሳብ ይዘን እንቅረብ። መነሻችን ሁሉም ገበታ የሚጫወተው የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ (ገጸ ባሕሪ ወክለው የሚጫወቱት የገበታ ጨዋታ) አምስተኛ እትም፣ ማለትም እ.ኤ.አ. የ2014ቱ ሕግ ነው።

ለማስታወስ ያህል፦ ድሩይድ ስትለወጥ ዕቃዋ መሬት ይውደቅ፣ ከአዲሱ ገላ ጋር ይዋሐድ ወይስ ይለበስ የምትመርጠው ራሷ ናት። አዲሱ ገላ ሊለብሰው ይችላል ወይ የሚለውን ግን የእንስሳውን ቅርጽና መጠን አይቶ የጨዋታው መሪ ይወስናል። ዕቃው መጠኑን አይለውጥም። የተዋሐደ ዕቃ ወደ ራሷ እስክትመለስ ድረስ አይሠራም።

ጭልፊት፦
ታዲያ ምኑ ያከራክራል? ሁሉም ይዋሐድ እንበልና እንገላገል። የጨረቃ ክበብ ድሩይድ (በቅርጽ ለውጥ የተካነችው ዓይነት) ገና በሁለተኛ ሌቭሏ (ደረጃዋ) 34 ሂት ፖይንት (የጉዳት መቻያ ነጥብ) ያለው ድብ ትሆናለች፤ ያውም በየአጭር ዕረፍቱ ሁለት ጊዜ። አጠገቧ ያለው ተዋጊ 20 አካባቢ ይዞ ነው የሚሰለፈው። በዚህ ላይ ቀለበትና ክታብ ሲጨመር እኛ ለምን መጣን?

ድቧ፦
ወንድሜ፣ ያ ብልጫ እኮ ሌቭል ከፍ ሲል ይሟሟል። ሌላው ሰው አስማታዊ ዕቃ ባገኘ ቁጥር እየጠነከረ ይሄዳል፤ የእኔ ድብ ግን ያው ኤሲው (የመከላከያ ቁጥሩ) 11 ነው። ከሀብት ክፍፍሉ ድርሻዬን እወስዳለሁ፣ በጦርነቱ ሰዓት ሁሉም ሆዴ ውስጥ ነው።

ደግሞ ሕጉ አንድ ድምፅ የለውም። የመሪዎቹ መጽሐፍ የሚለበስ አስማታዊ ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ ከየትኛውም መጠንና ቁመና ጋር ይገጥማል ይላል። ቀጥሎም ቀለበት በኦክቶፐስ ዓይነት ክንድ ላይ ሊሠራ ይችላል፣ በእግር ፈንታ የእባብ ጭራ ያለው ዩዋን-ቲ ግን ቦት ጫማ ማድረግ አይችልም ብሎ ምሳሌ ይሰጣል። የድሩይድ ገጽ «ዕቃው መጠኑን አይለውጥም» ይላል። የቱን እንያዝ?

አሮጌው ዳይስ፦
ልጆች፣ ይህ ክርክር ከእናንተ በፊት የነበረ ነው። በሦስት ነጥብ አምስት እትም ጊዜ ምርጫ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ስትለወጥ ሁሉም ተዋሕዶ ሥራ ያቆም ነበር። መውጫው ገንዘብ ነው። «ዋይልድ» የሚባል አስማት ጥሩሩ ላይ ታስጨምራለህ፤ ያኔ በእንስሳ ቅርጽህ ጥሩሩ ባይታይም መከላከያው አብሮህ ይኖራል። ዋጋው እንደ ፕላስ ሦስት የአስማት ጉልበት ስለሚቆጠር ከመነሻዋ ፕላስ አንድ ጋር ተደምሮ ፕላስ አራት፣ ማለትም 16,000 የወርቅ ሳንቲም ይመጣል፣ የጥሩሩን የራሱን ዋጋ ሳትጨምር። ስንት ዘመቻ ሙሉ ለሷ አጠራቅሜአለሁ! እሷን መልሱልን ነው የምለው።

ጭልፊት፦
ጋሼ፣ በአምስተኛው እትም እንዲህ ያለ ዋጋ የለም። ገበያ ወጥቶ የሚገዛ ነገር አይደለም።

ሒሳብ ሹም፦
ስጋቱን በቁጥር እንየው። ጭልፊት የሚፈራው ድብ ጥሩር ለብሶ የማይነካ እንዳይሆን ነው። የእንስሳ ጥሩር ዋጋው የሰው አራት እጥፍ፣ ክብደቱ ሁለት እጥፍ ነው። «ሃይድ» የሚባለው የቆዳ ጥሩር 10 የወርቅ ሳንቲም ስለሆነ ለድብ 40 ይሆናል። ኤሲው 12 ሲደመር ዴክስተሪቲ (ቅልጥፍና) ነው፤ የድብ ዴክስተሪቲ ደግሞ ዜሮ ይጨምራል። የድቡ የራሱ ቆዳ 11 ነው፣ ሁለቱ አይደመሩም። ስለዚህ ትርፏ አንዲት ነጥብ ናት። ብረቱ የተሻለ ነበር፣ ግን የ2014ቱ ድሩይድ የብረት ጥሩር አይለብስም። በሌላ በኩል ሦስተኛ ሌቭል ላይ ባርክስኪን የሚባለው አስማት ኤሲ ከ16 በታች እንዳይሆን ያደርጋል፣ ጥሩር ይኑር አይኑር።

ደግሞስ ማን ያለብሰው? ቀላል ጥሩር ለመልበስ 1 ደቂቃ፣ መካከለኛ 5 ደቂቃ ይፈጃል። አንድ የውጊያ ዙር 6 ሰከንድ ስለሆነ 1 ደቂቃ 10 ዙር ነው፤ ውጊያው እስከዚያ አልቋል። የቆዳው ጥሩር መካከለኛ ነው፣ ማለትም 50 ዙር። ሁለተኛ ሌቭል ላይ ለውጡ የሚቆየው ለ1 ሰዓት ብቻ ነው። አድፍጣ ለምትጠብቅ ድሩይድ ካልሆነ ጥቅም የለውም። የሚያከራክረው ጌጣጌጡ ነው።

ድቧ፦
ምስጋና ይግባህ። እኔም የምለው ይህንኑ ነው፦ ገላው ቦታ ያለው ነገር ይቅር። ድብ አንገት አለው፣ ክታብ ይንጠለጠልበት። የኛው አገር ተረትስ ቢሆን? ጅብ የሆነ ሰው ጉትቻው ከጆሮው አይወልቅም ይባላል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ትግራይ የኖረው እንግሊዛዊው ናትናኤል ፒርስም ጉትቻ ያለባቸው ጅቦች እንዳየ ጽፏል። ጆሮ እስካለ ጉትቻም አለ።

የእሑድ ገበታ መሪ፦
እቱ፣ ሐሳቡ ግሩም ነው፣ ግን ሰነዱ ውስጥ እንዳይገባ። ያ ተረት የቡዳ ተረት ነው፤ ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ቤተ እስራኤልን ሰው እንዲሸሻቸው ያደረገ ወሬ ነው። ከመካከላችን አያቱ በዚህ ስም የተጠራ ሊኖር ይችላል። «ቦታ ያለው ይቀራል» የሚለው ለብቻው ይበቃናል።

ድቧ፦
ልክ ነህ። ይውጣ።

የእሑድ ገበታ መሪ፦
እንደ መሪ የሚያሳስበኝ መሐል ጨዋታ ላይ የሚነሣው ክርክር ነው። ተጫዋቹ ውጊያ መሐል «ቦታ አለው፣ የለውም» እያለ ሲሟገት ግማሽ ሰዓት ይሄዳል። ድሩይዷ አዲስ ዕቃ ባገኘች ቀን፣ ዘወትር ለምትሆናቸው እንስሳት «ይለበሳል» ወይም «ይዋሐዳል» ተብሎ ካርዷ ላይ ይጻፍ። የጻፈው መሪ ፊርማ ሌላውም ገበታ ላይ ይከበር። ጥንድ ዕቃ ከሆነ ሁለቱም መደረግ አለባቸው። የእጅ አንባር ለድብ የፊት እግር ይሆናል፤ ቦት ጫማ ግን አራት እግር ላለው አልፈቅድም።

ጭልፊት፦
እሺ፣ ግን የጤና ክታብስ? ኮንስቲትዩሽንን (የገላ ጥንካሬን) 19 ያደርጋል፤ የድቡ 16 ነው። ሂት ፖይንቱም ይጨምር?

ሒሳብ ሹም፦
አይጨምር። ለሴቪንግ ስሮው (አደጋን ለመቋቋም ለሚጣለው ዳይስ) ይቆጠር፣ 34ቱ 34 ሆኖ ይቅር። በየለውጡ ማባዛትና መደመር ማን ይፈልጋል።

አሮጌው ዳይስ፦
የኔዋ ጥሩር ተረሳች?

የእሑድ ገበታ መሪ፦
አልተረሳችም ጋሼ። ብርቅ ዕቃ ሆና በመሪ እጅ ብቻ ትሰጥ፣ አቱንመንትም (ከባለቤቷ ጋር በአስማት መተሳሰርን) ትጠይቅ። ከሦስቱ የአቱንመንት ቦታዎች አንዱን ከበላች ማንም አያማርርም።

ጭልፊት፦
አንድ ጥያቄ። ድሩይዷ የያዘችው ባግ ኦፍ ሆልዲንግ (ውስጡ ከውጩ የሚሰፋ አስማታዊ ከረጢት) ውስጥ ሰው ተደብቆ ብትለወጥስ?

ሒሳብ ሹም፦
ከረጢቱ ውስጥ ብቻውን ከሆነ ለ10 ደቂቃ አየር አለው። ከዚያ በኋላ ለቀብር እንዘጋጃለን።

አስተባባሪ፦
የከረጢቱን ነገር እንተወው። ረቂቁ ይኸው፦

አንድ፦ አንገት፣ ጣት፣ ጆሮ ወይም ወገብ ላይ የሚደረግ አስማታዊ ዕቃ፣ እንስሳው ያ የአካል ክፍል ካለው እየሠራ ይቀጥላል። የድብ ጥፍር ያለበት ጣት እንደ ጣት ይቆጠራል። ውሳኔው ካርድ ላይ ይጻፋል።

ሁለት፦ የሰው ጥሩር አስማታዊ ቢሆንም ድሩይዷ ስትለወጥ ይዋሐዳል፤ እዚህ ላይ የድሩይዱ ገጽ ይበልጣል። ለእንስሳው የተሠራ ጥሩር በሕጉ ዋጋና ጊዜ ይለበሳል፤ ወደ ሰውነቷ ስትመለስ እግሯ ሥር ይወድቃል። የጋሼ ጥሩር ልዩ ፈቃድ ናት።

ሦስት፦ የእንስሳውን አካላዊ ቁጥር የሚቀይር ዕቃ ሂት ፖይንት አይነካም።

አራት፦ ከድመት ያልበለጠ እንስሳ ከሆነች ሁሉም ይዋሐዳል።

አምስት፦ ይህ ለድሩይድ ብቻ ነው። ሌላ ሰው ፖሊሞርፍ በሚባለው የመለወጫ አስማት ከለወጣት ሕጉ ምርጫ ስለማይሰጣት ሁሉም ይዋሐዳል። ስለ ተኩላ ሰው ደግሞ ሕጉ የለበሰው ነገር አብሮት አይለወጥም ስለሚል እንደተጻፈው ይቆይ።

ጭልፊት፦
«ከድመት ያልበለጠ» ከሚባል በሕጉ የመጠን ስም «ታይኒ» (ትንሹ መጠን) ይባል። አለዚያ በሚቀጥለው ጉባኤ ስለ ድመት ውፍረት ልንከራከር ነው። ሌላው ይለፍ፤ እኔም እፈርማለሁ።

አስተባባሪ፦
ተስተካክሏል።

ድቧ፦
በአራተኛው አልስማማም። ስምንተኛ ሌቭል ስደርስ የሚበር እንስሳ መሆን እችላለሁ፤ ጉጉት ሆኜ ስሰልል የጥበቃ ቀለበቴን እግሬ ላይ ለማድረግ አስቤ ነበር። በቀሩት አራቱ ላይ ስሜን ጻፉ፣ በዚህኛው ተቃውሞዬ ይመዝገብና ለብቻው ድምፅ ይሰጥበት።

አስተባባሪ፦
ተመዝግቧል። አራተኛው ለብቻው ይቀርባል። የሌሎቹን ፊርማ እስከ ዓርብ ማታ እጠብቃለሁ።