ከአረቄ ለመውጣት ለወንድሜ የሚስማማው የምክክር ሕክምና የትኛው ነው?

የጮቄ ልጅ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ታላቅ ወንድሜ ከደብረ ማርቆስ ብዙም በማይርቅ ከተማ እህል ይነግዳል። የዳጉሳ አረቄ መጠጣት ከጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ባለፉት ሁለት ዓመታት ግን ጠዋት አንድ መለኪያ ካልቀመሰ እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ሚዛን እንኳ አስተካክሎ መያዝ ተስኖታል። አምና በንስሐ አባቱ ፊት ተገዝቶ ሁለት ወር ያህል ከቆየ በኋላ፣ በአንድ የገበያ ቀን ከደላሎች ጋር ዋጋ ሲቆርጡ ቀመሰና ተመልሶ ገባበት። ቁጡ ነው፤ ምክር የሚመስል ነገር ሲሰማ ተነሥቶ ይወጣል። አንድ ባለሙያ ዘንድ ወስደነው የዕለት መጠጡን በቅጽ እየመዘገበ እንዲያመጣ ቢታዘዝ፣ «እኔ ተማሪ አይደለሁም» ብሎ ሳይመለስ ቀረ። የምክክር ሕክምናን ከሰውየው ጠባይና ኑሮ ጋር እያገናዘቡ መምረጥ ይቻላል ወይስ የተገኘውን መሞከር ነው? እናታችን ደግሞ ከሰኞ ጀምሮ ለሁለት ሱባኤ ጠበል ልትወስደው ተዘጋጅታለች።

የአእምሮ ሕክምና ነርስ

ከምርጫው በፊት ስለ ሰኞው ልናገር። ጠዋት ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው በድንገት ሲያቆም፣ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ እንደ ሚጥል በሽታ ያለ መንዘፍዘፍ ሊመጣበት ይችላል፤ በሁለተኛውና በአራተኛው ቀን መካከል ደግሞ የሌለ ነገር የሚያይበትና ቀንና ሌሊት የሚምታታበት፣ ካልታከመ ሕይወት የሚቀጥፍ ሁኔታ ሊከተል ይችላል። ይህ በጠበል ቦታ ሲደርስ መንፈሱ እንደ ጮኸ ተደርጎ ይታያል፤ ሰውነቱም በጾም ላይ ይሆናል። ጠበሉን አይተዉት፤ ነገር ግን አስቀድሞ ሆስፒታል ገብቶ፣ መንቀጥቀጡን የሚያበርድ መድኃኒትና ቫይታሚን ቢ-1 ተሰጥቶት እነዚያ ቀናት ይለፉ።

ወደ ጥያቄዎ ስመለስ፣ ይህንኑ ለመመለስ በአሜሪካ በ1989 «ፕሮጀክት ማች» የተባለ ትልቅ ጥናት ተጀምሮ ነበር (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። 1,726 ሰዎች በዕጣ ለሦስት ሕክምናዎች ተደለደሉ። አንዱ የሚያስጠጡ ሁኔታዎችን ለይቶ መቋቋሚያ ብልሃት የሚያስተምር ነው። ሁለተኛው ያለ ክርክር የሰውየውን የራሱን ምክንያት የሚያወጣጣ፣ በአራት ቀጠሮ የሚያልቅ ነው። ሦስተኛው ሰውየውን ከመጠጥ ከወጡ ሰዎች ማኅበር ጋር የሚያገናኝ የአሥራ ሁለት ደረጃ መንገድ ነው። በ1997 ውጤቱ ሲወጣ ሦስቱም በጥቅሉ ተቀራራቢ ሆኑ፤ ለዚህ ጠባይ ይህ ሕክምና ይስማማል ተብለው ከተጠበቁት ማዛመጃዎች አብዛኞቹም አልተገኙም። ከተመላላሽ ታካሚዎች ግን ቁጡዎቹ በሁለተኛው ተሻሉ፤ ባልንጀሮቻቸው ጠጪዎች የሆኑባቸው ደግሞ ከሦስት ዓመት በኋላ ሲታዩ ከሁለተኛው ይልቅ ሦስተኛው ጠቀማቸው።

ወንድምዎ እንግዲህ በሁለቱም በኩል ይገኛል። የእኔ ግምት በሁለተኛው ቢጀምር ይሻላል የሚል ነው፤ የቅጹ ነገር መጥፎ ስለሆነ ሳይሆን፣ ተቆጥቶ የወጣን ሰው ምንም ዓይነት ሕክምና ስለማያገኘው ነው።

ከቡሬ

እኔ ራሴ ከጠጪነት የወጣሁ ነኝ፤ አራት ዓመት ሆኖኛል። የነርሷን መልስ አከብራለሁ፤ ሆኖም ጠባይን ከሕክምና ጋር ማዛመዱ ከሚገባው በላይ ሐሳባችንን የወሰደው ይመስለኛል። እኔም ቁጡ ነበርሁ፤ ቁጣዬ ግን ለካ የአረቄው ነበርና ካቆምሁ ከጥቂት ወራት በኋላ በረደ። የከበደኝ ዋጋ የሚቆረጠው አረቄ ቤት መሆኑ ነው። ስለዚህ ለአንድ ዓመት ያህል ሽያጩን የእህቴ ልጅ በስልክና በመጋዘን በር ላይ ጨረሰልኝ፤ ሁለት ደላሎች ተቀየሙኝ፣ ሦስተኛው ግን አብሮኝ ቀረ። የጽዋ ማኅበርም ቢሆን ቀላል አይደለም፤ በዝክር ላይ ጠላ ይቀዳል፣ እንቢ ያለ ሰው ደግሞ የጻድቁን ጽዋ እንደናቀ ይታያል። የማኅበሩ መሪ ሙሴው ለእኔ ብቻ ሳይሆን ለመላው ተራ ብርዝ ማስቀዳት እስኪጀምር ድረስ እየፈራሁ ነበር የምሄደው።

የአእምሮ ሕክምና ነርስ

የባልንጀራውን ነገር በዚህ መልክ መናገርዎ ትክክል ነው፤ እኛ አገር ሦስተኛውን መንገድ እንደ ወረደ ማግኘት ስለሚያስቸግር፣ ቤተሰብና ጓደኛ በምክክሩ ውስጥ እንዲገቡ ማድረግ ቅርቡ ምትክ ነው። በእንግሊዝ 742 ሰዎች የተሳተፉበት፣ በ2005 የታተመ ጥናት ይህንኑ የመሰለ የስምንት ቀጠሮ ሕክምና ሁለተኛ ካልሁት ዓይነት ከሆነው፣ ከሦስት ቀጠሮው የማነሣሣት ምክክር ጋር አወዳድሮ በውጤት ልዩነት አላገኘም፤ መንገዱ ሩቅ ለሆነበት ሰው አጭሩን መምረጥ እንግዲህ ጉዳት የለውም። ብርዙ ግን የዕለቱ ይሁን፤ ካደረ ይፈላል።

የጮቄ ልጅ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናታችን መጀመሪያ አኩርፋ ነበር፤ የንስሐ አባታችን «ታክሞ ይምጣ፣ ጠበሉ የትም አይሄድም» ሲሏት ግን ተስማማች፤ ሰኞ ሆስፒታል እንሄዳለን። አንድ ነገር ልጨምር፦ ባለሙያው ፊት ሲቀርብ እኔ አብሬው ልግባ ወይስ ደጅ ልቆይ? እኔ ካለሁ አያ እውነቱን አይናገርም ብዬ እፈራለሁ።

የአእምሮ ሕክምና ነርስ

የመጀመሪያውን ቀን ደጅ ይቆዩ። ሁለተኛውን እሱ ራሱ ይወስን።